ባለ አጫጭር ብረቱ ጊታር

አሮጌ ዕቃ ነጋዴው አፈ ቅቤ ነው። የተሰበረ ወንበር ሲሸጥ እንኳ ማን ማን እንደተቀመጠበት ከነማዕረጉ ይዘረዝራል። ጊታሩን ለጠጋኟ ያሳያት ቀንም፣ ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ ለአንድ ባለጸጋ በትዕዛዝ የሠራው፣ በዓለም ላይ ወንድምም እህትም የሌለው ዕቃ ነው ብሎ ምሎ ተገዘተ። ጠጋኟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ገለበጠችው። የጀርባው ክዳን የታሰረው በቁም ሣጥን ብሎን ነው። ራሱ ላይ የፋብሪካ ስም አልተጻፈም፤ ተጽፎ የተፋቀበት ምልክትም የለም። ሰውየው ስለ ባሕር ማዶው ዋሽቷል፤ በትዕዛዝ መሠራቱን ግን ሳያውቀው እውነቱን ተናግሯል። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ሰው ለአንድ ሰው ካልሠራው በቀር ማንም ሱቅ ውስጥ ሰቅሎ አይሸጠውም። ጠጋግና ባስነሳችው አሮጌ ድምፅ ማጉያ ለወጠችውና ተሸክማው ወደ ቤቷ ሄደች።

ጠጋኟ የሚሏት ሥራዋን አይተው ነው። ጊታር፣ አኮርዲዮን፣ ማይክሮፎን፣ ከመድረክ የወደቀ ነገር ሁሉ መጨረሻው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። የምትሠራው በእናቷ ቤት፣ ወደ መንገዱ በሚከፈተው ክፍል ውስጥ ነው፤ ከእናቷ ክፍል የሚለያት አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። እናቷ ጡረታ የወጣች የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ጉልበቷን የጨረሰችው በመኪና የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል ነው። አሁንም ልብስ ስትተኩስና ስታጥፍ ትውላለች፤ የሚተኮስ ሲጠፋ የተተኮሰውን ትተኩሳለች።

ስለ እናቲቱ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም ግን የማያነሳው አንድ ነገር ነበር። በወጣትነቷ የፋብሪካው ሠራተኞች ባንድ ዘፋኝ ነበረች፤ ድምፅ ትስታለች ብለው ከመድረክ አወረዷት። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆቿን እንኳ ስታስተኛ ጀርባቸውን መታ መታ ታደርግ ነበር እንጂ እሹሩሩ ብላ አታውቅም። ታላቁ ልጇ የሙዚቃ መምህር የሆነው በዚሁ እልህ ነው። የሰፈር ልጆች «የሳተችው ልጅ» እያሉ ሲያበሽቁት አድጎ፣ በዓለም ላይ የማይስት አንድ ሰው ቢኖር እሱ መሆን አለበት ብሎ ቆርጦ ተነሣ። ተሳካለትም ማለት ይቻላል፤ ሲያስነጥስ እንኳ በቅኝት ነው ብላ እህቱ ታሾፍበታለች።

ጠጋኟ ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ከራሱ እስከ ጭራው መረመረችው። ገላው ከአንድ ወፍራም ሳንቃ የተቀረጸ ነው፤ ቀለሙ ተላልጦ እንጨቱ ገጥጧል። ከክሮቹ ሥር ያለው፣ ድምፁን የሚለቅመው ማግኔት ሽቦው በእጅ የተጠመጠመ ነው፤ ተበጥሶ ድምፁ ከሞተ ቆይቷል። አንገቱ ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያመለክቱት ነጠብጣቦች የሸሚዝ ቁልፎች ናቸው፤ ቀዳዳዎቻቸው በሙጫ ተደፍነዋል። ሠሪው ድሃ እንደነበር ያስታውቃል፤ ቸኩሎ እንዳልሠራም ያስታውቃል። አንገቱ ከገላው የተጋባበት መገጣጠሚያ ምላጭ አያስገባም።

የገረማት ግን ሌላ ነው። ሙዚቀኞች ፍሬት የሚሏቸው፣ አንገቱን አግድም የሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች በሌላ ጊታር ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ አንዳንዶቹ መሃላቸው ተቆርጧል። በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ያለው ግማሽ በደንቡ ቦታ ቆሟል፤ በቀጫጭኖቹ በኩል ያለው ግማሽ ደግሞ ትንሽ ወደ ራስጌ ሸሽቷል። በመቃኛዋ ለካችው። እነዚያ ድምፆች ሁሉ ዝቅ ያሉ ናቸው።

«አይ የኔ ጌታ፣ እስከዚህ ድረስ አሳምረህ መጥተህ እዚህ ላይ ጉድ ሠራኸኝ» አለችው ሠሪውን፣ በሌለበት። ኋላ የመጣ አንድ ደደብ ጠጋኝ ያበላሸው ይሆናል ብላም አሰበች። ሙያዋ ነውና እጇ አላመነታም። የሸሹትን አጫጭር ብረቶች በጉጠት እየነቀለች ጣለች። ስንጥቆቹን በእንጨት ዱቄትና በሙጫ ደፈነች፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸች፣ ቀለም ቀባች፤ ብረቶቹ የነበሩበት ቦታ ጭራሽ ጠፋ። ከአጫጭሮቹ አንዱ ብቻ ሙጫው አልለቅ ብሎ አስቸገራት፤ በኋላ አሙቄ አወጣዋለሁ ብላ ተወችው።

ከዚያ የማግኔቱን ሽቦ በእናቷ የስፌት መኪና ክር መጠምጠሚያ ላይ አድርጋ እንደ አዲስ ጠመጠመችው። እናቷ መኪናዬን ልትገድይው ነው ስትል አጉረመረመች፤ ጠጋኟ መኪናው ከኔም ከአንቺም ይበልጥ ዕድሜ አለው አለቻት። ክሮቹን ወጥራ፣ ገመዱን ሰክታ፣ ጣቷን ስታሳርፍበት ጊታሩ ነፍስ ዘራ። ያቺን እምቢ ያለችውን አጭር ብረት ምን ያህል እንደሳተች በጆሮዋ ልትሰማ ተጫነችና ክሩን መታች። ዝቅ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ወጣ። ደገመችው። ከግድግዳው ወዲያ የነበረው የመተኮሻ ድምፅ ቆመ። አሁንም ደገመችው።

ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው አፉን ዘግቶ ያንኑ ድምፅ አንጎራጎረ።

ጠጋኟ በሕይወቷ ሙሉ በጆሮዋ ነው የኖረችው፤ የሰማችውን ታውቃለች። ድምፁ ከመቃኛው ጋር አልነበረም፣ ከጊታሩ ጋር ነበር፤ አንዲት ፀጉር እንኳ በመሃላቸው አታልፍም። ቤት ውስጥ ደግሞ ያለችው እናቷ ብቻ ናት።

እናቷ የጋለውን መተኮሻ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ጊታሩን አየችው። መተኮሻውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ የሸሚዝ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው።

ታሪኩን የነገረቻት ቆማ ነው። የባንዱ መሪ በደረት ኪሱ ሁለት ጣት ያለው የመቃኛ ብረት ይዞ ስለሚዞር ባለሹካው ይሉት ነበር። ብረቱን ጉልበቱ ላይ መትቶ ሰው ጆሮ ሥር ይደቅናል፤ የምሳ ሰልፍ ላይ እንኳ አይተውም። በልምምድ ሁሉ እሷን ዝቅ ብለሻል፣ ከፍ አድርጊው ይላታል። ከፍ ስታደርገው ዘፈኑ አፏ ውስጥ ይሞትባታል። ጊታር ተጫዋቹ የፋብሪካው አናጢ ነበር፤ ጣቶቹ ሁሌም ሙጫ እንደያዙ ስለሆነ ስሙም ሙጫ ሆኖ ቀረ። ሙጫ በእረፍት ሰዓት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጦ እንድትዘፍን ይጠይቃታል፤ ጣቱን ክሩ ላይ እያንሸራተተ ይፈልጋታል፤ ሲያገኛት በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ሲጨርስ ይህን ጊታር ይዞ መጣ። ባለሹካው አየውና «ሁለት ስህተት ተጋቡ» አለ። ሁለቱም በአንድ ቀን ከባንዱ ተባረሩ። ሙጫ ብረቶቹን ቢያስተካክል መልሰው ይወስዱት ነበር፤ እምቢ አለ። ከከተማውም ወጣ፤ የት እንደደረሰ አልታወቀም።

«ወዶሽ ነበር ማለት ነው» አለች ጠጋኟ። ልታሾፍ ፈልጋ ነበር።

«ወዶኝ አይደለም» አለች እናቷ። «ሰምቶኝ ነው።»

ይህን ብላ ጣቷን ወደ ላይ አንሸራተተች። አንዲቱን አጭር ብረት አልፋ ሄደች፤ ቀጥሎ ያለው ቦታ ልስልስ ያለ ነው። ከዚያ በላይ ያለውም ልስልስ ያለ ነው።

«ሌሎቹስ?»

ጠጋኟ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ አይደል? አስተካከልኳቸው አለች፤ ቃሉ ራሱ አፏ ውስጥ መረራት። ቁጣ ጠበቀች፣ ለቅሶም ጠበቀች። እናቷ መተኮሻዋን ከመሬት አነሳች።

«አንቺም?» አለች፤ ተመልሳም ገባች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ከበደ። ጠጋኟ የነቀለቻቸውን ብረቶች ከቆሻሻው ውስጥ እየፈለገች ለቀመቻቸው፤ ቦታቸውን ግን በምን ታግኘው? ደፍናዋለች፣ ቀብታዋለች፤ ሥራዋ ጥሩ መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላት ሆነባት። ዝፈኚልኝና በድምፅሽ ልፈልገው ስትላት እናቷ አሻፈረኝ አለች። ዝም አይነቅዝም አለች። ይህን ተረት የተረተ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሎ እንደማያውቅ ያስታውቃል፤ እናቲቱ ውስጧ ሲነቅዝ ልጅቷ በየቀኑ ታያት ነበር፤ ሰሃን ሲወድቅ ትቆጣለች፣ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፣ የተኮሰችውን ሸሚዝ ረጭታ እንደገና ትተኩሳለች።

በዚህ መሃል መምህሩ መጣ፤ ደስ ብሎት ነው የመጣው። ፋብሪካው የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው፤ ዝግጅቱን የሚመራው እሱ ነው፤ የድሮ የባንድ አባላት ሁሉ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አበባ ይሰጣቸዋል። እማዬም ተጠርታለች። መዝፈን አይጠበቅባትም፤ መቀመጥ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጊታር አየና ከምን እንደተሠራ ጠየቀ፤ ከፋብሪካ ቁርጥራጭ መሆኑን ሲሰማ ከጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ድምፁ እንብላው እንብላው ነው ብሎ ሳቀ። ብረቶቹ በወጉ ከተስተካከሉ ግን ለታሪክ ያህል መግቢያው ላይ ሊሰቀል ይችላል አለ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ እጇን ያዘ፤ ደግ ነገር የሚናገር መስሎታል።

«እማዬ፣ ስምሽን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገቡት የባንዱ መሪ ራሳቸው ናቸው። ያለፈውን ይቅር ብለውሻል።»

እናቲቱ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«ይቅር አሉኝ?» አለች። «ምን አድርጌያቸው?»

መምህሩ እናቱን ሲያያት ጉንጯ ቀልቷል፣ አገጯ ወደ ላይ ተነስቷል፤ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። እሷም መልስ አልጠበቀችም። ወደ ሥራ ክፍሉ ገብታ፣ በርጩማ ስባ፣ ከጊታሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ተነሽ» አለቻት ልጇን። «ክሩን ወጥሪ።»

እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ። ሁለት ድምፆች ተቀራርበው ሳይገናኙ ሲቀሩ በመሃላቸው አንድ ነገር ይርገበገባል፤ ዋው፣ ዋው፣ ዋው ይላል። በተቀራረቡ ቁጥር መርገብገቡ ይዘገያል፤ ሲገናኙ ጸጥ ይላል። እናቲቱ ትዘፍናለች፤ ጠጋኟ ከክሩ ሥር ቁራጭ ሽቦ እያንፏቀቀች ክሩን ትመታለች። መጀመሪያ ላይ ድምጿ ዝጎ ነበር፤ ተሰነጠቀ፣ ጠፋ፣ ሳል ቀደመው። እሷ ግን ውኃ እየጠጣች መልሳ ያዘችው፤ በኩርፊያ ሳይሆን በንዴት ነው የዘፈነችው። መምህሩ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ አንድ ሁለቴ እዚያ ላይ ዝቅ ብሏል ሊል አፉን ከፈተና የእህቱን ዓይን አይቶ ዘጋው።

መርገብገቡ ጸጥ ያለበት ቦታ ላይ ጠጋኟ በቢላ ጫፍ ምልክት አደረገች። ቀጭኗን መጋዝ ምልክቱ ላይ አሳረፈቻት። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ብዙ መገዝገዝ ይፈልጋል ብላ ትከሻዋን አዘጋጅታ ነበር። መጋዟ ግን ገና አንዴ ስትሳብ ጥልቅ አለች። ጠጋኟ ቆመች። ዱቄቱን እፍ ብላ አየችው። የአንገቱ እንጨት አይደለም፤ የራሷ ሙጫ ነው። የእናቷ ድምፅ የመራት ራሷ ወደ ደፈነችው ስንጥቅ፣ አናጢው ሙጫ ድሮ ወደ ቀደደው ስንጥቅ ነው።

የሚቀጥለውንም ፈለጉ። እዚያም ጥልቅ አለች። ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ፤ የለቀመቻቸው ብረቶች ወደየቦታቸው ተመለሱ።

ጠጋኟ መጋዟን አስቀምጣ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። አፈረች፣ ኮራችም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላወቀችም። «ወንድም ጋሼ፣ ና እይ» አለችው። «ሰው ሲስት ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም መሳት አይተህ ታውቃለህ?»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ጣቱንም አሳረፈበት። ያየውን አልካደም፤ ነገር ግን ሰው ያደገበትን ፍርሃት በአንድ ከሰዓት አውልቆ አይጥልም። እናቱ በበዓሉ ላይ እዘፍናለሁ ስትለው ፊቱ አመድ መሰለ። ሰዓት የለም አለ፣ ዝግጅቱ ታትሟል አለ፣ መጨረሻ ላይ እውነተኛው ወጣ።

«ይስቁብሻል፣ እማዬ። እኔ አልችለውም።»

«ይሳቁ» አለች። «ያኔ ሲስቁ ወርጄ ነበር። ቆሜ እስኪ ልስማቸው።»

እንግዲህ ምን ይበል? አንድ ዘፈን ብቻ ብሎ ፈቀደ። እሱ ራሱ በኪቦርድ እንዲያጅባት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ለምን እንደሆነ እህቱ ገባት፤ ዝቅ ያለው ቦታ ሲደርስ ትክክለኛውን ድምፅ ጮክ አድርጎ መትቶ ሊሸፍናት ነው። ክፋት አይደለም፤ ልጅ እናቱን በኮቱ ሊሸፍን እንደመሞከር ነው።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መብራቱ ዓይን ይወጋል፤ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ላይ ያፏጫል። ባለሹካው ፊት ወንበር ላይ ከመሃል ተቀምጧል፤ ሸምግሏል፣ ጆሮው ደከም ብሏል፣ የሹካው ጫፍ ግን ዛሬም ከደረት ኪሱ ብቅ ብሎ ያበራል። ቀድመው የተጠሩት አበባቸውን ተቀብለው ተቀመጡ። እናቲቱ ስሟ ሲጠራ አበባውን ተቀበለች፣ ለአጠገቧ ሴትዮ አስያዘችና በቀጥታ ወደ መድረኩ ወጣች። ጠጋኟ ጊታሩን አንግታ ተከተለቻት።

የመጀመሪያው ስንኝ በደህና አለፈ። ሰዉ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ያቺ ዝቅ ያለች ቦታ ስትደርስ ጠጋኟ አጭሯን ብረት ተጫነች፤ የጊታሩና የእናቷ ድምፅ ተያይዘው ወረዱ። በዚያው ቅጽበት ኪቦርዱ ከላያቸው ላይ ትክክለኛውን ድምፅ ጮኸ። ሦስቱ ተፋጩ፤ ከኋላ ወንበሮች አንዱ ፊቱን አጨማደደ፣ ሌላው ሳቀ፣ ሳቁም ወደ ፊት እየተቀባበለ መጣ።

እናቲቱ አቆመች። መምህሩ በቃ፣ አለቀልን ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ግን ወደ መውረጃው ሳይሆን ወደ እሱ ነው የዞረችው።

«እጅህን አንሳ፣ ልጄ» አለችው፤ ማይክሮፎኑ ላይ ስለነበረች አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

መምህሩ እናቱን አየ፣ ሕዝቡን አየ። ላብ በጆሮው ሥር ወረደ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው። በሕይወቱ ከተጫወተው ሁሉ ይህ ሳይከብደው አልቀረም።

ጆሮው የደከመ ሰው ሲናገር ይጮኻል። ባለሹካው ለጎረቤቱ ያንሾካሾከ መስሎት በጸጥታው መሃል «ዝቅ ብሏል» አለ። ሰዉ ሁሉ ሰማው። ጠጋኟ ደሟ ፈላ፤ አንድ ነገር ልትል ወደ ፊት ተራመደች። እናቷ ሳታያት በእጇ አገደቻት። ሽማግሌውን ቁልቁል ተመለከተችው፣ ያለ ጥላቻ፣ ያለ ልምምጥም።

«አውቃለሁ» አለችው። «እዚያው ነው ያስቀመጥኩት።»

ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረችው። ከግራ በኩል ሁለት ሰዎች ተነስተው ወጡ። አንዳንዱ ሳቁን ቀጠለ፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚስቀውን ዝም በል አለው። ባለሹካው እስከ መጨረሻው ራሱን እየነቀነቀ ተቀመጠ፤ ሐሳቡን አልቀየረም፤ እንዲቀይርም የጠየቀው ሰው አልነበረም። ያቺ ዝቅ ያለች ቦታ በመጣች ቁጥር እናቲቱ አልሸሸችም፤ ቀስ ብላ ወርዳ ረገጠቻት፣ ቆየችባት፣ ከዚያ አለፈች። ጊታሩም አብሯት ወረደ፣ አብሯት ቆየ። ሁለት ሰው ብቻ ነበር መድረኩ ላይ የሚሰማው፤ በቂ ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ ያጨበጨበ አጨበጨበ፤ ያላጨበጨበም እጁን አጣምሮ ቀረ። ዝግጅት አስተባባሪው የሚቀጥለውን ስም ሊጠራ ወረቀቱን ይዞ ከጎን ብቅ አለ። የተፈቀደላት አንድ ዘፈን ነበር። እናቲቱ ውኃዋን ተጎነጨች፣ ማይክሮፎኑን ትንሽ ወደ አፏ አስጠጋችና ወደ ልጇ ዞር አለች።

«ሁለተኛውን» አለቻትና ጀመረች።